ያልደረሰው ጉርሻ

ኮምቦልቻ ውስጥ በዚያ ዘመን ሰው የሚያወራው እየቆረሰ ነበር። አንዲት ዐረፍተ ነገር ይናገርና ዝም ይላል፤ የሚሰማው ሰው «ደረሰ» ካላለው ቀጣዩን ከአፉ አያወጣም። መጀመሪያ ይህ የሬዲዮ መስመር ወግ ብቻ ነበር። አየሩ በማሽን ወሬ ጢም ብሎ ሞልቶ የተላከ ነገር ሁሉ መንገድ ላይ እየተሰበረ ሲያስቸግር፣ ንግግር በትንንሽ ብሎክ እየተቆራረጠ እንዲሄድ ተደረገ። እያንዳንዱ ብሎክ ጅራቱ ላይ የራሱን ድምር ይዞ ይጓዛል፤ ተቀባዩ ዘንድ ሲደመር ካልገጠመ ተሰብሯል ማለት ነውና እንደገና ይላካል። መሥሪያ ቤቶች ብሎክ ይበሉት እንጂ ሰፈርተኛው ጉርሻ ነው የሚለው።

ቀስ እያለ ወጉ ከመስመር ወርዶ ቤት ገባ። ባልና ሚስት ሲጣሉ እንኳ በጉርሻ ሆነ። «አንተ ሰካራም!» «ደረሰ።» «እናትህም አይወዱህም!» «ደረሰ።» ወይ ጉድ! እንዲህ ሆኖ ጠብ ይጥማል? ሽንኩርት ሻጯ ዋጋዋን ተናግራ ደንበኛው «ደረሰ» እስኪላት ሚዛኗን አትነካም። ልቅሶ ቤት «እግዜር ያጥናችሁ» የተባለ ሐዘንተኛ እንባውን እየጠረገ «ደረሰ» ይላል። ሕፃናት አፍ ሲፈቱ ከ«እማዬ» ቀጥሎ የሚያውቋት ቃል እሷ ሆነች።

ልብስ ሰፊዋ ሉባባ ይመር ይህችን ቃል ከአፏ ካወጣች ዓመታት ተቆጥረዋል። የሚያናግራት ሰው ስለሌለ ነው። ሱቋ ክፍት ነው፤ የስፌት መኪናዋ ዘይት ጠጥቶ ተቀምጧል፤ ደንበኛ ግን ከሌላ ሰፈር ካልመጣ የራሷ ሰፈር ሰው ደጇን አይረግጥም። ምክንያቱም የሙሄ እህት ናት።

ሙሄ ታናሽ ወንድሟ ነበር። አፋር በረሃ ውስጥ፣ ከመሬት በታች የማዳበሪያ ጨው በሚቆፈርበት ዋሻ፣ የጣሪያ ጠባቂ ሆኖ ይሠራል። ጠዋት ከሰው ሁሉ ቀድሞ ብቻውን ይገባል፤ ጣሪያውን በብረት ዘንግ እያንኳኳ ያዳምጣል፤ ከዚያ በሬዲዮ «ጣሪያው ደህና ነው፤ ግቡ» ይላል። ዓመታት ሙሉ በየጠዋቱ ያንኑ ቃል፣ በዚያው ድምፅ ሲል ኖሯል። አንድ ቀን ጠዋት ግን ከዋሻው ውስጥ መጀመሪያ ለእህቱ ደወለ። «ሉብዬ፣ ጣሪያው እየጮኸብኝ ነው። ዛሬ ነፍስ ያለው ነገር አላስገባም፤ አሁን እነግራቸዋለሁ» አላት። እሷም «ውጣ ቶሎ!» ብላ ጮኸችበት። መግቢያው ላይ ለተሰለፉት ሠራተኞች በድምፅ ማጉያው የደረሳቸው ግን የሙሄ ድምፅ «ጣሪያው ደህና ነው፤ ግቡ» ሲል ነበር። ገቡ። ጣሪያው ወረደ። ሙሄ «ተመለሱ!» እያለ ወደ እነሱ ሲሮጥ አብሯቸው ቀረ።

ድምፁ ተቀድቷል። ማን ይከራከራል? ሉባባ ግን ተከራከረች። «ወንድሜ እንዲህ አላለም፤ ጉርሻው ተሰብሮባቸው አሟዩ ነው የሞላው» አለች። አሟይ የሚባል ነገር መኖሩን ያኔ ሁሉም ያውቃል። የተሰበረን ጉርሻ «ድገም» ማለት ጊዜ ይፈጃል፤ አሟዩ ግን ላኪው በዚያ ሰዓት ዘወትር ምን እንደሚል ስለሚያውቅ ክፍተቱን በላኪው በራሱ ድምፅ ሞልቶ ያሳልፋል። ለሰላምታ፣ ለዘፈን፣ ለምርቃት ተፈቅዷል። ሰው በሚሞትበት ሥራ ላይ ክልክል ነው። ኩባንያውም «በዋሻው መስመር አሟይ ተገጥሞ አያውቅም» ብሎ ማለ። የማለው የመስመሩ ኃላፊ፣ ኢንጂነር ምንተስኖት ነው። በመሐላው ሙሄ ነፍሰ ገዳይ ሆነ፤ ሰውዬው ግን አደገ።

አሁን ደግሞ ሊሾም ነው፤ የአገሪቱ የአየር ሞገድ የበላይ ሊሆን። ለሹመቱ አንድ ነገር ብቻ ጎድሎታል። በእሱ ዘመን ሰው ለሞተባቸው ቤተሰቦች ሁሉ በጥሬ መስመር ቃሉን መላክና «ደረሰ» መባል አለበት። ጥሬ መስመር ማለት አሟይ የሌለበት፣ የሚሰማውም የሚመሰክረውም የሕያው ሰው ጆሮ የሆነበት መስመር ነው። የሌሎቹ ሟቾች ቤተሰቦች ሁሉ «ደረሰ» ብለዋል። የቀረችው ሉባባ ናት። «ደረሰ» ካለች ቃሉ ይታተማል፤ የታተመን ቃል ደግሞ ችሎት እንኳ አይከፍተውም። «አልቀበልም» ብትል «ተነግሯታል» ተብሎ ያው ይታተማል። ብትቀርም እንደዚያው። ሰውዬው ቃሉን ሊልክ የተቀመጠው የሹመቱ ቀጠሮ በሚያልቅበት በመጨረሻዋ ቀን፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው። ያን ቀን ሴት ልጁን እየዳረ ነበር። ጢም ለመላጨት ከሚፈጀው ጊዜ አያልፍም ብሎ ገምቶ ይሆናል።

ሉባባ ጥቁር ቀሚሷን ለብሳ ጥሬ መስመሩ ወደሚከፈትበት የሬዲዮ ጣቢያ ሄደች። የጣቢያዋ ኃላፊ አስካለ ናት። የአስካለ ልጅ ውብሸት ከሙሄ ጋር ከሞቱት አንዱ ነበር። አስካለ ልጇ ከሞተ ጀምሮ የሙሄን ስም ያለ እርግማን አንስታ አታውቅም። የሰፈሩ ቅሬ፣ ማለትም ሙት የሚቀብረው ማኅበር፣ የሉባባን ቤት ከአባልነት እንዲሰርዝ ያስደረገችው እሷ ነች። የሉባባ እናት በሐዘን ማቅቀው ሲሞቱ ከቅሬው አንድ ሰው አልመጣም። ቃሬዛውን የተሸከሙት ሉባባ ከሌላ ሰፈር ለምና ያመጣቻቸው ሰዎች ናቸው። ጎረቤት በመስኮት አየ።

«ተቀመጪ» አለች አስካለ፣ ፊቷን ሳታነሳ።

«ደረሰ» ማለት ነበረባት። ሳትል ተቀመጠች።

መስመሩ ተከፈተ። ከወዲያ በኩል፣ ከአዲስ አበባ፣ ከኢንጂነሩ ቤት፣ በግድግዳው በኩል የሠርግ ዘፈንና እልልታ ይሰማል። ሰውዬው ጉሮሮውን ጠርጎ ጀመረ።

«እኔ ኢንጂነር ምንተስኖት ለይመር ቤተሰብ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።»

«ደረሰ» አለች ሉባባ።

«በዋሻው አደጋ ላለፉት ወገኖች ጥልቅ ሐዘን ይሰማኛል።»

«ደረሰ።»

«ሙሄ ይመር በሰጠው የተሳሳተ መረጃ ሕይወት ቢጠፋም፣ ኩባንያችን ለቤተሰቡ ይቅርታ ማድረጉንና ቂም እንደሌለው አረጋግጣለሁ።»

ይቅርታ ሊጠይቅ አልነበረም ለካ! ይቅር ሊላት ነው። በመጨረሻ ድምፅዋን አለዝባ፦

«አልደረሰም» አለች።

አስካለ ቀና አለች። ኢንጂነሩ ደገመው፤ ቃል በቃል፤ ደንቡ የሚለው እንደዚያ ነውና፤ የተሰበረ ጉርሻ ሳይቀየር ነው የሚላከው።

«አልደረሰም።»

ደገመ።

«አልደረሰም።»

«የጣቢያችሁ መስመር ችግር አለበት?» አለ ኢንጂነሩ።

አስካለ መብራቶቿን አየች። «መስመሩ ንጹህ ነው ጌታዬ።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«በጥሬ መስመር ዳኛው ጆሮ ነው፣ ጌታዬ። ጆሮ አልሰማሁም ካለ አልተሰማም ነው።» ይህን አንቀጽ ያረቀቀው ኢንጂነሩ ራሱ ነበር። ለሕዝብ እንዲያምርለት ብሎ ነው ያረቀቀው። ኖሮበት አያውቅም።

ደገመው። ጮክ ብሎ፣ ቀስ ብሎ፣ እየነጠለ፣ እንደ አስተማሪ፣ እንደ ለማኝ። ሉባባ እያንዳንዱን ሰማች። አንዲት ፊደል አልጠፋባትም። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ደስ እያላት ነበር። የወንድሟን ስም እያነሳ ነፍሰ ገዳይ የሚለው አፍ እየደረቀ፣ እየተንተባተበ፣ ውኃ እየጠየቀ ስትሰማ እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አያውቅም። «አልደረሰም» ስትል ድምፅዋን እንደ ጥሩ ልጅ አለሳልሳ ነው።

ፀሐይ ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው ዞረች። በግድግዳው በኩል አንዲት ሴት በር ስትደበድብ ተሰማ። «ምንቴ! ሙሽራዋ ልትወጣ ነው! ጉልበትህን ልትስም ቆማ እየጠበቀችህ ነው፣ ሰው ምን ይለናል!»

«መጣሁ! መጣሁ አልኩ እኮ!» ከመስመሩ ቢነሳ ሹመቱ ቀረ። ባይነሳ ልጁ ሳትመረቅ ወጣች።

አስካለ የመናገሪያውን አፍ በመዳፏ ሸፈነች። «አንቺ ልጅ፣ ፈጣሪን አትፈሪም? እየሰማሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ሰውዬው ልጁን እየዳረ ነው።»

«ሙሄም ሽማግሌ ልኮ ነበር» አለች ሉባባ። «ቀን ተቆርጦለት ነበር።»

«ለእኔም ልጅ ቀን የቆረጠለት እሱ ነው!» አለች አስካለ። መዳፏን አነሳችና ወደ መስመሩ ዞረች። «ይቀጥሉ ጌታዬ።»

ሰውዬው አሁን ትዕግሥቱ አልቋል። የመጀመሪያውን ግማሽ ብሎ አቋረጠው። «ኤጭ! የጣቢያዋ ወይዘሮ፣ እባክሽ አሟዩን ክፈቺና ይሙላው! ከሃያ ጊዜ በላይ ብዬዋለሁ፣ ምን እንደምል ያውቀዋል! ዋሻው ላይ ስንት ዓመት ሲሞላልን ኖሮ የለም ወይ፣ ማን ቅር አለው!»

ዘፈኑ ብቻ ይሰማል።

«የቱ ዋሻ?» አለች አስካለ።

«ማለቴ... ሌላ ቦታ ነው። ደክሞኝ ነው። ለጣቢያ የተነገረ ነገር ጉርሻ አይደለም፣ አይያዝብኝ።»

«የቱ ዋሻ ነው ጌታዬ?»

«ሌላ አልኩ!»

አስካለ ሉባባን አየቻት። ከስንት ዘመን በኋላ፣ ዓይኗን ዓይኗ ላይ ጣል አደረገች። ስትናፍቀው የኖረችው ነገር እዚህ ክፍል ውስጥ ገብቶ ቆሟል፤ ግን ገና አልተያዘም። ለጣቢያ የተነገረ ጉርሻ አይደለም፤ ሰውዬው እውነቱን ነው። ለእሷ፣ በስሙ፣ በአፉ ካልተላከላት ነገ ሄዶ ይምልበታል።

«ይቀጥሉ ኢንጂነር» አለች ሉባባ። «እየጠበቅሁ ነው።»

ሰውዬው አፉን ከፈተ። ሊጀምር ሲል ግን በግድግዳው በኩል ዘፈኑ ቀጥ አለ፤ እልልታው ጸጥ አለ። ከዚያ የእሱ የራሱ ድምፅ፣ ሞቅ ያለ፣ ያልደከመ፣ ያልተንተባተበ፣ ከሳሎኑ ማጉያ ወጣ።

«ልጄ፣ ውለጂ ክበጂ። የምትገቢበት ቤት የሰላም ይሁን። እኔ አባትሽ ዕድሜ ልኬን ስኮራብሽ ኖሬያለሁ...»

«አሜን! አሜን!» አለ ሕዝቡ። ሙሽራዋ ስታለቅስ ተሰማ፤ ከደስታ የሚመጣ ልቅሶ።

ጣቢያው ውስጥ አስካለ ጆሮዋን ወደ መስመሩ አስጠጋች። ሰውዬው መስመሩ ላይ ነው፤ ትንፋሹ ይሰማታል። ሰውዬው ደግሞ ሳሎን ውስጥ እየመረቀ ነው።

«ምንድን ነው... ማን ፈቀደላቸው?» አለ ኢንጂነሩ። ወንበር ተገፍቶ ሲወድቅ ተሰማ። «እኔ እዚህ ነኝ እኮ! ኧረ እዚህ ነኝ! እናንተ!»

ማንም አልሰማውም። የሚመርቀው ድምፅ ከእሱ ይጮሃል።

«ጥሩ ምርቃት ነው፣ ኢንጂነር» አለች ሉባባ።

«እኔ አይደለሁም!»

«ድምፅዎ ነው እኮ።»

«ድምፄ ቢሆንስ! አንዲት ቃል አልተናገርኩም! አልመረቅኋትም! ልጄን አልመረቅኋትም፣ ትሰሚያለሽ?»

«ሰው ሁሉ ሰማዎት። አሜን አለ። ማን ይከራከራል?»

«ማሽኑ ነው! እኔ ስቀር ማሽኑ ሞልቶት ነው!»

«እንደ ሙሄ?»

ሳሎን ውስጥ የእሱ ድምፅ ሙሽራዋን «ነይ፣ ጉልበቴን ሳሚ» ይላታል። ሰዎች ይስቃሉ፤ አባቷ የለም እኮ፣ ባዶ ወንበር ነው የምትስመው፤ ቀልድ መስሏቸው ይስቃሉ። ሰውዬው በዚያ ሳቅ መሐል ተሰበረ።

«እንደ ሙሄ!» ብሎ ጮኸ። «አዎ፣ እንደ ሙሄ! የእሱ ቃል መንገድ ላይ ተሰብሮ ነው የመጣው፤ አሟዩ ነው ደህና ነው ያለው፤ ያስገጠምኩት እኔ ነኝ፤ እወቂው! አሁን ልቀቂኝና ልጄን ልያት!»

ለእሷ የተላከ፣ በስሙ፣ በአፉ፣ ከእነ ድምሩ የመጣ ጉርሻ ነው። ሉባባ ሰማችው።

«ደረሰ» አለች።

የአስካለ ማተሚያ መብራት በራ። ከወዲያ በኩል በር ተበርግዶ ሲከፈት፣ ጫማ ደረጃ ላይ ሲሮጥ፣ ከዚያ የሙሽሮች መኪና ጥሩምባ እየራቀ ሲሄድ ተሰማ። መስመሩ ተዘጋ። ሹመቱም ልጅቷም በአንድ ቀን አመለጡት። እሰይ! ሉባባ እሰይ አለች በልቧ፤ አላፈረችም።

ሻሿን አጥብቃ ብድግ አለችና ወጣች። ገና መንገዱን ሳትሻገር ከኋላዋ የሩጫ ኮቴ ሰማች።

«ሉባባ! ይቅር በይኝ!»

«አልደረሰም» አለች ሉባባ፣ ሳትዞር።

አስካለ ዕድሜዋን መስመር ላይ የጨረሰች ሴት ናት፤ ምላሷ ደንቡን ከእሷ ቀድሞ ያውቀዋል። ያንኑ ቃል፣ በዚያው ድምፅ ደገመችው። «ሉባባ! ይቅር በይኝ!»

«አልደረሰም።»

ሉባባ ትራመዳለች፤ አስካለ ትከተላለች። በሱቆቹ በኩል አለፉ፤ ሽንኩርት ሻጯ ሚዛኗን እንደያዘች ቀረች። የቦርከናን ድልድይ ተሻገሩ። «ይቅር በይኝ!» «አልደረሰም።» አስካለ ልቧ ደካማ ነው፤ ዳገቱ ላይ እያለከለከች ነው። ሉባባ ታውቃለች። እርምጃዋን አልቀነሰችም። ጨካኝ ናት ትሉ ይሆናል። በሉ። እናቷን በልመና በመጡ ተሸካሚዎች ስትቀብር የት ነበራችሁ?

ሰፈር ገቡ። በሮች አንድ በአንድ ተከፈቱ። በመስኮት አይተው የቀሩት ሁሉ፣ የቅሬው ዳኛ ሳይቀሩ፣ ደጃቸው ላይ ወጡ። «ይቅር በይኝ፣ ሉባባ!» አለች አስካለ፤ ድምፅዋ ከመጎርነኑ ብዛት የእሷ አይመስልም።

«አልደረሰም።»

አስካለ መንገዱ መሐል ቆመች። ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትንፋሿን ለቀመች። ከዚያ ቀና ብላ ቃሉን ቀየረችው። ያልደረሰ ጉርሻ አይቀየርም፤ የደንብ መጀመሪያ ይህ ነው፤ እሷ ራሷ ስንቱን አስተምራለች።

«ሙሄ ልጄን አልገደለብኝም!» ብላ ጮኸች፣ ወደ ሉባባ ሳይሆን ወደ በሮቹ። «እናንተ ስሙ! ሙሄ አትግቡ ብሎ ነበር! ቃሉን ሰብረው በውሸት የሞሉት እነሱ ናቸው! እኔ የዚህን ልጅ ስም በሐሰት ሳረክስ ኖሬያለሁ! እናቱን ያለ ቀባሪ ያስቀረኋት እኔ ነኝ!»

ከሰፈሩ ሁሉ «ደረሰ» የሚል እንኳ ጠፋ።

ሉባባ ጀርባዋን እንደሰጠች ቆማለች። እያንዳንዷ ቃል ጥርት ብላ ገብታላታለች፤ አንዲትም አልተሰበረችባትም። ቀስ ብላ ዞረች፤ ፊቷ በእንባ ርሷል።

«እትዬ አስካለ» አለች፤ እንዲህ ብላ ከጠራቻት ስንት ዘመኗ። «ሰምቻለሁ። ግን እባክዎን አንዴ ይድገሙልኝ።»